አቤት ያለችው ሟች

ከእናቷ የወረሰችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ቂጡ የተጣፈ የቆርቆሮ ሳፋና «አቤት» ማለትን።

እናቷም ልብስ አጣቢ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው እየጠራት ስትሠራ ስለኖረች ለልጇ ያስተማረቻት ትልቁ ትምህርት ሲጠሩ መመለስን ነበር። «ስትጠሪ ‹ወይ› አትበይ፤ ወይ የባለጌ ነው። ‹ምን› አትበይ፤ ምን የጠብ ነው። ሰው ስምሽን ብሎ አፉን ከከፈተልሽ አንቺም አፍሽን ከፍተሽ ‹አቤት› በይ» ትላት ነበር። ልጅቷ የረሳች ቀን በሳሙና በተላጠ ጣቷ ጭኗን ትቆነጥጣታለች። ትምህርት ቤት የቆየችው ሁለት ዓመት ነው፤ ፊደሉ ጠፋባት፣ «አቤት» ግን አጥንቷ ውስጥ ገባ። ተኝታ ቢጠሯት አቤት ትላለች። አፏ በልብስ መቆንጠጫ ተሞልቶ ቢጠሯት «አፔት» ትላለች። እኩዮቿ ይህን አውቀው ከአጥር ኋላ ይደበቁና ስሟን ይጠራሉ፤ አቤት ስትል በሳቅ ይፈርሳሉ።

«አንቺ ጅል፣ ማን እንደጠራሽ ሳታዪ ትመልሻለሽ?»

«ጠራችሁኛ!» ትላለች እሷ። ምን ታድርግ።

አድጋ አንድ ጫኝና አውራጅ አገባች። ዝም ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነበር። ሴት ልጅ ወለዱ። ሕፃኗ ጡት ስትፈልግ አፏን ወደ ላይ ከፍታ አንገቷን ስለምትሰግግ አባቷ «ይቺ ድንቢጥ ናት እንጂ ሰው አይደለችም» አለ፤ በዚያው ድንቢጥ ሆና ቀረች። እናቲቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሷ ስም ጠፋና የድንቢጥ እናት ሆነች። ባልየው ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላት የተቆለለ ጆንያ ተንዶበት ሞተ። የድንቢጥ እናት አለቀሰች፤ ከዚያ ሳፋዋን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች። ለሐዘን ቀን ያለው ሰው ሌላ ነው።

ሥራ ያገኘችው ከሰፈሩ ዳር፣ ሰማያዊ በር ባለው የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ከማእድ ቤቱ በስተጀርባ የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ከገንዳው ባሻገር ሦስት መስመር ሽቦ ተወጥሯል። ጠዋት ዘፍዝፋ፣ ረፋድ ላይ አሽታ፣ ቀትር ላይ ታሰጣለች፤ ከሰዓት በከሰል ካውያ ትተኩሳለች። ሰውን ከፊቱ ይልቅ በልብሱ ታውቀዋለች። «ሰው ይዋሻል፣ እድፍ አይዋሽም» ትል ነበር። የየትኛው ልጅ ትራስ በእንባ እንደሚነጣ፣ የየትኛው አንሶላ በየሌሊቱ እንደሚርስ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ አንድም ቀን ለማንም አልተናገረችም። የረጠበውን አንሶላ ከሁሉ አስቀድማ አጥባ ሌሎቹ ልጆች ከመንቃታቸው በፊት… ምን ያደርጋል፣ ይህን ሁሉ የጻፈላት የለም።

በየዓመቱ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከባሕር ማዶ ተማሪዎች ይመጣሉ። መምህራቸው፣ የመምህራቸው ሚስት፣ ከሃያ የማያንሱ ወጣቶች። ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ነው የሚመጡት፤ አንድ ዓመት አረንጓዴ፣ አንድ ዓመት ብርቱካናማ። በዚያ ዓመት ሰማያዊ ነበር፤ ጀርባው ላይ ሁለት እጆች ተስለዋል፣ ከእጆቹ ሥር ጽሑፍ አለ።

«ምን ይላል?» ብላ የማሳደጊያውን ኃላፊ ጠየቀችው። የእንግዶቹን ቋንቋ በግቢው የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

«‹በክርስቶስ ፍቅር ልናገለግል መጣን› ይላል።»

የድንቢጥ እናት ክምሩን አየችው፤ ሃያ አራት ካናቴራ፣ ሃያ አራት ሱሪ፣ ካልሲው ቁጥር የለውም። «አይ ጌታዬ! አገልጋይ መጣ ሲሉኝ እጄ ያርፋል ብዬ ነበር» አለች። እሷም ክርስቲያን ናት፤ በሃይማኖት መቀለዷ አልነበረም። አገልጋዮቹን የሚያገለግል ማን እንደሆነ መናገሯ ነው እንጂ።

ተማሪዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ያገኙትን ያቅፋሉ፣ ይዘምራሉ፣ ቶሎ ያለቅሳሉ። አጥር ይቀባሉ፣ ፊኛ ይነፋሉ። ግን ምን ዋጋ አለው! ደግነት ሁለት እጅ ብቻ ይዞ ጆሮውን ቤቱ ትቶ ከመጣ ምን ዋጋ አለው?

ነገሩ የተጀመረው ከመምጣታቸው ሦስት ቀን በፊት ነው። ኃላፊው ገንዳው ድረስ መጣ። ወፍራም፣ ድምፀ መልካም ሰው ነው፤ ልጆቹን ሁሉ «አባዬ» በሉኝ ይላል።

«ስንት አልጋ አለን?» አላት።

«ሃያ፣ ጋሼ።»

«ስንት ልጅ አለን?»

«እኔ የማጥበው አሥራ አንድ አንሶላ ነው።»

«ስለዚህ ዘጠኝ አልጋ ባዶ ነው። ባዶ አልጋ ምን ይመስላል?»

«ሰው ያልተኛበት ነዋ።»

«ስንፍና ይመስላል! እነዚህ ልጆች ባሕር ተሻግረው መጥተው ባዶ አልጋ ያቅፉ? እኔ እኮ ይህን ቤት የማቆመው በነሱ ነው። ለአሥራ አንዱ ልጅ ዳቦ የሚመጣው በነሱ ነው። አንቺም የምትበዪው በነሱ ነው።» ከዚያ ድምፁን አለዘበ። «ድንቢጥን ለሁለት ሳምንት አውሺኝ።»

«ልጅ እንደ ወንፊት ይዋሳል እንዴ ጋሼ?»

«ሰባቱ እናቶች እሺ ብለዋል። የሽንኩርት ሻጯ መንታዎቿን ሰጥታለች። አንቺማ እዚሁ ነሽ፣ ቀኑን ሙሉ ታያታለሽ። ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ሾርባ። አዲስ ጫማ ይሰጧታል። አንድ ነገር ብቻ፤ በግቢው ውስጥ ‹እማዬ› እንዳትልሽ። ‹እትዬ› ትበልሽ።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የድንቢጥ እናት እንቁላሉን አሰበች፤ ጫማውንም አሰበች። የልጇ ጫማ ፊቱ ተከፍቶ ጣቷ ውጭ ነበር። እሺ አለች። ይህን እሺታ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደረገመችው እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ።

ለልጅቷ ነገሩን እንደ ጨዋታ አደረገችላት። ድንቢጥ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጨዋታ ትወዳለች።

«እትዬ ስልሽ ብትስቂስ?» አለች።

«አልስቅም።»

«ከሳቅሽ ተሸነፍሽ። እኔም እማዬ ካልኩ ተሸነፍኩ። እሺ?»

«እሺ የኔ ድንቢጥ።»

ልጅቷ ጨዋታውን አወቀችበት። በመጀመሪያው ቀን በገንዳው በኩል ስታልፍ «እትዬ» ብላ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። በሦስተኛው ቀን መንከስ አላስፈለጋትም። በአምስተኛው ቀን ከመምህሩ ሚስት እጅ ጋር ተያይዛ፣ አዲስ ጫማዋን እያንኳኳች መጣችና «እንደምን አደሩ እትዬ» አለች። አደሩ! የገዛ ልጇ አንቱ አለቻት። የድንቢጥ እናት «እግዜር ይመስገን፣ እንደምን አደርሽ» ብላ መለሰች፤ ከዚያ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ገብታ እርጥቡን ጫፍ በጥርሷ ነከሰችው።

በዚያው ሳምንት ኃላፊው ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። «የልብስ ርክክብ ነው፤ አሻራሽን እዚህ ላይ» አላት። አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ተጫነች። በየወሩ ለሳሙና፣ በየዓመቱ ለአንሶላ ትጫናለች፤ ምን ልዩ ነገር አለው።

ልዩ ነገሩን የነገራት ዘበኛው ነው። ዘበኛው ድሮ በጦር ሠራዊት ጸሐፊ የነበረ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው በር ላይ አስቆማት።

«አንቺ ልጅ፣ ድንቢጥን የት ሊልኳት ነው?»

«የት ይልኳታል አባባ? ከነገ ወዲያ ቤቷ ትመጣለች።»

«ታዲያ ፎቶ ለምን አስነሷት? ለመታሰቢያ የሚያነሱትን አውቃለሁ፤ ያንን ቆመው እየሳቁ ነው የሚነሱት። ይሄ ጸጉሯ ወደ ኋላ ተይዞ፣ ሁለት ጆሮዋ እንዲታይ ሆኖ ነው። ጆሮ የሚታይበት ፎቶ የድንበር ማለፊያ ፎቶ ነው።»

ዘበኛው ድንጋይ ላይ አስቀመጣትና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የማይሰማ ሰው ዝቅ አደረግኩ ሲል እንደሚጮኸው ነው።

«ወረቀቱን ፎቶ ቤት ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። አነበብኩት። መምህሩና ሚስቱ ሊያሳድጓት ነው የሚወስዷት። ‹አባት፤ ሟች› ይላል።»

«እሱስ እውነት ነው፣ ነፍሱን ይማር።»

«‹እናት፤ ሟች› ይላል።»

ቀና ብላ አየችው።

«‹ምስክር፤ ሟቿን የምታውቅ ጎረቤት፣ ልብስ አጣቢ› ይላል። ከሥሩ አሻራ አለ። በቁምሽ ቀብረውሻል የኔ ልጅ፤ ምስክሯም አንቺ ነሽ።»

አውራ ጣቷን አየችው። የስንቱን ሰው ቀለም ያስለቀቀ ጣት ነው፤ ከጥፍሩ ሥር ያለው ሰማያዊ መስመር ግን በዚያ ሁሉ ሳሙና አልለቀቀም ነበር።

በዚያው እርምጃ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ሳታንኳኳ ቢሮ ስትገባ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው።

«ጋሼ፣ ልጄን ስጠኝ። አሁን።»

ኃላፊው አልደነገጠም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ቁጭ በይ። ምን አለሽ አንቺ? አንድ ሳፋ። እዚያ የራሷ ክፍል፣ የራሷ አልጋ፣ ትምህርት ቤት…»

«እናት አላት!»

«በወረቀት የለችም።»

«ወረቀቱ ይቀደዳ!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አልሰማሽም? ደግሞ ስሚኝ። እናቷ መሞቷን በአሻራው የመሰከረው ማነው? እኔ ነኝ? በሐሰት የመሰከረ ሰው የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ? አንቺ እስር ቤት ትገቢያለሽ፣ ልጅሽ ያለ እናት ትቀራለች። ያን ጊዜ ወረቀቱ እውነት ሆነ ማለት ነው።» ይህን ሲል ፈገግ አለ። ሰው ምን ያህል ቢጠግብ ነው እንዲህ ብሎ ፈገግ የሚለው! እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። «ይልቅ ዝም ብለሽ ሥሪ። በየገናው ፎቶዋን ይልኩልሻል።»

ወጣች። ለማን አቤት ትበል? የእንግዶቹን ቋንቋ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ለነሱ ያላት ቃል ሁሉ በሱ አፍ ማለፍ አለበት። ድንቢጥን ይዛ እንዳትሮጥ ልጅቷ ከመምህሩ ሚስት ጎን አትለይም፤ የምትተኛውም እሷ ክፍል ነው።

አንዲት ተማሪ ነበረች፤ ፊቷ በሙሉ ጠቃጠቆ ስለሆነ ልጆቹም ጠቃጠቆ ብለዋት ነበር። ከሁሉም ይልቅ ወደ ገንዳው የምትመጣው እሷ ናት። እጅጌዋን ሰብስባ ታለቀልቃለች፤ ግማሹን ውሃ ራሷ ላይ ትደፋዋለች እንጂ ታለቀልቃለች። ደብተሯ ውስጥ «ሳሙና»፣ «ውሃ»፣ «እጅ» እያለች ትጽፋለች። ልጆች ሲጠሩ የሚሉትን ሰምታ «አቤት ምንድነው?» በሚል ዓይን ስትጠይቅ፣ የድንቢጥ እናት «ጠቃጠቆ!» ብላ ጠራቻትና ደረቷን በጣቷ ነካ አድርጋ «አቤት» አለችላት። ተማሪዋ ገባት። ከዚያ ወዲያ ሃያ ጊዜ አስጠርታ ሃያ ጊዜ «አ-ቤት!» አለች፤ ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ።

እንግዲህ ተስፋዋ እሷ ሆነች። በማግስቱ ጠቃጠቆ ወደ ገንዳው ስትመጣ ካናቴራዋ ቢጫ ቀለም ነክቶት ነበር። የሁሉም ካናቴራ በዚያ ሰሞን ቢጫ የነካው ነው፤ ምን እንደሚቀቡ እንጃ። የድንቢጥ እናት ክንዷን ያዘቻት። በሩቅ ገመድ የምትዘለውን ድንቢጥን አሳየቻት። ከዚያ መዳፏን ሆዷ ላይ አደረገች። እንደገና ልጅቷን፣ እንደገና ሆዷን። ያቺ፣ ከዚህ። ከዚህ ነው የወጣችው።

የጠቃጠቆ ዓይን በእንባ ሞላ። ራሷን ነቀነቀች፤ ገብቶኛል እንደማለት። ሮጣ ሄደች። የድንቢጥ እናት «ተመስገን!» አለች። ተማሪዋ እየሮጠች ተመለሰችና ሁለት እሽግ ብስኩት እጇ ላይ አስቀመጠችላት፤ አቀፈቻትም።

ድሃ ሆዱን ካሳየ መቼም ርቦት ነው። ወልዳ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል!

ብስኩቱን አልወረወረችውም። ልጅቷ ምን አጠፋች ብላ ኪሷ ከተተችው።

የመጨረሻው ቀን መጣ። መኪናው ከሰዓት በኋላ ነው የሚሄደው። ረፋድ ላይ ተማሪዎቹ ግቢው መሐል ካለው ዛፍ ሥር ሃያ ጠፍጣፋ የወንዝ ድንጋይ በክብ ደረደሩ። ድንጋዮቹ ቢጫ ናቸው፤ በነጭ ተጽፎባቸዋል። ለካ ሲቀቡት የሰነበቱት ይህን ነው። ለሃያው ልጅ የሞቱ እናቶች መታሰቢያ። እሷ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ከየካናቴራው ስታስለቅቅ የሰነበተችው የራሷን መቃብር ቀለም!

ከድንጋዮቹ አሥራ አንዱ እውነት ናቸው። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ከእውነተኛዎቹ ልጆች አንዱ፣ አንሶላው በየሌሊቱ የሚርሰው፣ የእናቱን ድንጋይ ሲያይ እንደ ትልቅ ሰው ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። የዚያ ልጅ እንባና በውሰት የመጡት ልጆች ዝምታ በአንድ መዝሙር ተዘመረበት። ሐዘንም እንደ አልጋ ቁጥሩ እንዲሞላ በብድር መጣ!

የድንቢጥ እናት ከአንሶላዎቹ ጀርባ ነበረች። ዘበኛው «መኪናው ሲመጣ በሩን አልከፍትም፣ የፈለገው ይሁን» ብሏት ነበር፤ ሌላ ተስፋ የላትም። እጇ ሥራውን ለምዶ ያሰጣል፣ አፏ በመቆንጠጫ ተሞልቷል፣ ልቧ ግን ከመኪናው ጋር ነው።

ስም የምትጠራው ጠቃጠቆ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ተለማምዳዋለች። አንድ ስም ስትጠራ ልጁ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ አበባ ያኖራል፤ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። በልጆቹ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ የእናቶቹን ስም የጠየቀ ስላልነበረ ሁሉም በልጃቸው ነው የሚጠሩት። አሥራ ሦስት ተጠራ። አሥራ አራተኛው ላይ ጠቃጠቆ ትንፋሽ ወሰደችና በዚያ በተሰባበረ አፏ ጮክ ብላ፣

«የድንቢጥ እናት!»

«አፔት!»

ከአንሶላዎቹ ኋላ ነው የወጣው። ሳታስበው ነው። አርባ ዓመት የቆየ ቁንጥጫ ነው የመለሰው እንጂ እሷ አይደለችም። መቆንጠጫዎቹ ከአፏ ረገፉ፤ ቀጥላም ጥርት አድርጋ «አቤት!» አለች።

መምህሩ ወደ ኃላፊው ዞሮ ጠየቀው። ኃላፊው ዓይኑን ሳያሽ «አሜን ማለቷ ነው» አለው። ሃያ አራቱም ተማሪዎች፣ መምህሩና ሚስቱ በአንድነት «አሜን!» አሉ።

ያን ጊዜ ነው የነደዳት። አንሶላውን በክንዷ ገፍታ ወጣች፤ ሽቦው ተበጠሰና ነጩ ሁሉ ጭቃ ላይ ወደቀ። የጠዋት ሥራዋን ረግጣው አለፈች።

«አሜን አላልኩም! አቤት ነው ያልኩት! የድንቢጥ እናት ስትሉ፣ እኔ ነኝ! አቤት! አለሁ! በምን አፌ ነው ለገዛ ሞቴ አሜን የምለው?»

ኃላፊው በእንግዶቹ ቋንቋ ፈጠን ፈጠን አለ፤ ጣቱን ጭንቅላቱ አጠገብ አዞረ። እብድ ናት ማለቱ ነው፤ ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም። የመምህሩ ሚስት ድንቢጥን ወደ ቀሚሷ አስጠጋቻት። ጠቃጠቆ ግን ወረቀቷን እንደያዘች ቀርታለች። ድንጋዩን አየች፣ ሴትዮዋን አየች። «አ-ቤት?» አለች ቀስ ብላ። አቤት የሚለው የተጠራው ሰው መሆኑን ሃያ ጊዜ ተለማምዳዋለቻ!

«ልጅቷን እንጠይቅ» አለ ኃላፊው በሁለቱም ቋንቋ፤ በራሱ ስለተማመነ። «ድንቢጥ፣ የኔ ልጅ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት?»

ድንቢጥ ኃላፊውን አየች። እናቷን አየች። ጨዋታው ገና አላለቀም፤ ማንም አልቋል አላላትም።

«እትዬ ናቸው» አለች።

ኃላፊው እጁን ዘረጋ፤ ይኸው እንደማለት።

የድንቢጥ እናት ዞራ ወደ ገንዳው ሄደች፣ ያንን ቂጡ የተጣፈ ሳፋ አንስታ ጎኗ ላይ አደረገች፣ ወደ በሩ መሄድ ጀመረች። ሁሉም ተሸንፋ የምትሄድ መሰለው፤ እሷም የመሰላት እንደዚያው ነው። በር ላይ ስትደርስ ግን በየማታው ከሥራ ስትመለስ የቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ እንደምታደርገው፣ ሳፋውን ወደ ሌላው ጎኗ አዛወረችና ተጣራች። አስባው ይሁን ልማድ ሆኖባት፣ ኋላ ሲጠይቋት ራሷም አታውቀውም ነበር።

«ድንቢጥ!»

«አቤት እማዬ!»

ወፏ በርራ ወጣች። ከልጅቷ አፍ ከወጣ በኋላ ነው ልጅቷ ራሷ የሰማችው። ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ፊቷ ተጨማደደ።

«እማዬ… ተሸነፍኩ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«አልተሸነፍሽም! ነይ! ጨዋታው አልቋል፣ ነይ ወዲህ!»

አዲሱን ጫማ እያንኳኳች ሮጠች። የመምህሩ ሚስት እጇን ለመያዝ ሞከረች፤ ከዚያ ግን ምን እንደያዘች የገባት ይመስል ለቀቀች። እማዬን በየትኛውም አገር ሰው ይሰማዋል።

ከአጥሩ ውጭ ሰው ተሰብስቦ ነበር። የሽንኩርት ሻጯ ቅርጫቷን እንደተሸከመች በበሩ ገባች፤ ዘበኛው ወለል አድርጎ ከፈተላት። ወደ ድንጋዮቹ ሄደችና ወገቧን ይዛ ቆመች። «የኔስ የትኛው ነው? ለመንታ ሁለት ድንጋይ ነው ወይስ አንድ? እስቲ መቃብሬን አሳዩኝ!» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ከቀትር በፊት ዘጠኙም ልጆች በየእናታቸው እጅ ወጡ።

መምህሩ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በመጨረሻ ሁሉንም ሰብስቦ ይቅርታ ጠየቀ፣ እንጸልይ አለ፣ ስለ ይቅር መባባል ረጅም ነገር ተናገረ። ያንን ይቅርታ ለድንቢጥ እናት የተረጎመላት ማን መሰላችሁ? ያው ሰውዬ! በዚያው ለስላሳ ድምፁ «ይቅር እንድትዪ ይለምኑሻል» አላት።

«ለነሱ ንገራቸው» አለች። «እኔን ይቅርታ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ እኔ እኔን ቢጠይቁኝ ጥሩ ነበር።»

ይህን ተረጎመው አልተረጎመው ማን ያውቃል።

መኪናው ሲሞላ ጠቃጠቆ ደብተሯን ይዛ እየሮጠች መጣች። ዓይኗ አብጧል። ቃሉን ፈልጋ ፈልጋ አገኘችው፤ «ስም… ሽ… ማን?» አለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ ማቀፍና ከዚያ ሁሉ መዝሙር በኋላ፣ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ነገረቻት። ጠቃጠቆ በትልልቅ ፊደል ጻፈችው።

ከዚያ ወዲያማ ምን አለ። ሥራዋን አጣች። ኃላፊውን የጠየቀው የለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የሱ አሻራ አይደለማ። ዓመት ሳይሞላ ሌላ ከተማ ሌላ ሰማያዊ በር ከፈተ አሉ። አሥራ አንዱን ልጆች ወደ ሌላ ቤት ወሰዷቸው፤ ያ አንሶላው የሚርሰው ልጅ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አንሶላውን ማን አስቀድሞ ያጥብለት ይሆን?

የድንቢጥ እናት ከዚያ ግቢ ይዛ የወጣችው ልጇን፣ ሳፋዋንና አንድ ነገር ነው። ዘበኛው «ምን ልትሠሪበት ነው?» ሲላት «የኔ ነው፤ ስሜ ተጽፎበት የለ?» ብላ ድንጋዩን ተሸክማ ወጣች። ቤቷ በራፍ ካለው ቧንቧ ሥር አጋድማ የልብስ ማሻ አደረገችው። ጠፍጣፋ፣ ጥሩ ድንጋይ ነው። በመጀመሪያው ወር ቢጫው በሰው ልብስ ላይ እየለቀቀ ከደንበኞቿ ጋር አጣላት። «ኧረ ሸሚዜ ምን ነካው?» ሲሏት «መቃብሬ ነክቶት ነው፤ ድጋሚ አጥብልሃለሁ» ትላለች። ከዚያ ቢጫው አለቀ። ነጩ ፊደልም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ፤ በስንት ሸሚዝ፣ በስንት አንሶላ ተፈግፍጎ። ድንቢጥ ማንበብ የተማረችው በዚያ ድንጋይ ላይ ከቀሩት ፊደላት ነው። ልጅቷ ስታድግ ፊደሉ አለቀ።

ዛሬ ድንቢጥ የራሷን ልጆች ወልዳለች። ስልክ ስታነሳ እንደ ሰው «ሃሎ» አትልም፣ «አቤት» ነው የምትለው። እናቷ አርጅታለች፤ እጇ ሳሙና አይችልም፣ በራፍ ላይ ከድንጋዩ አጠገብ ትቀመጣለች። መንገድ ላይ ሰው ሰው ሲጠራ፣ ለሌላ ሰውም ቢሆን፣ «አቤት!» ትላለች።

«እማዬ፣ ማን እንደጠራሽ ሳታዪ አቤት አትበይ። በዚህ ዕድሜ ሞትም ይጠራል» ትላታለች ልጇ።

«ይጥራ» ትላለች አሮጊቷ፣ ባዶውን ድንጋይ በመዳፏ እያበሰች። «አንድ ጊዜ ሞተሻል ተብዬ ስጠራ አቤት ብዬ መጥቻለሁ። እሱ ከመጣም መጀመሪያ ስሜን ይጠይቀኝ።»